ያገለገለ የዳይቭ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ? የምኖረው ቤር ሼቫ ነው። ባለፈው ዓመት ኤላት ላይ የመጥለቅ ኮርስ ጨርሼ እስካሁን 19 ጊዜ ወርጃለሁ። ሁሌም በኪራይ ዕቃ ነው። አሁን ቢያንስ ኮምፒውተሩ የራሴ እንዲሆን ፈለግኩ። አሽዶድ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች ነው) የገዛውን በ350 ሸቅል ሊሰጠኝ ነው። ሱቅ ስጠይቅ ርካሹ አዲስ ሺህ ሸቅል አካባቢ እንደሆነ ነገሩኝ። ዕቃውን በእጄ ይዤ አየሁት። መስታወቱ ትንሽ ተጭሯል። አዲስ ባትሪ ሲገባለት ይነሳል። ልግዛው?

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ይህ ዕቃ እንደ ሰዓት እጅ ላይ ይታሰራል። የውሃውን ግፊት እየለካ ስንት ሜትር እንደወረድክ ያሳይሃል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ባር ገደማ ይጨምራል። በዚያ ግፊት ስትተነፍስ ናይትሮጅን ወደ ደምህና ወደ ሰውነትህ ይገባል። ብዙ ቆይተህ ቶሎ ከወጣህ ናይትሮጅኑ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ያሳምማል። ወደ አከርካሪ ከሄደ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የኮምፒውተሩ ሥራ በዚያ ጥልቀት ስንት ደቂቃ እንደቀረህ መንገር ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ስለ 650 ሸቅል ልዩነት ብቻ አይደለም።

ከዚህ በታች ያለው ከጥያቄዬ በኋላ የመጣው ነው። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ ያሉትን በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። የመልሶቹ ክር ረዝሟልና በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም ብዬ ነው።

1ኛ መልስ ከኤምሬትሷ ፉጀይራ መጣ። ጸሐፊው እዚያ የአሰልጣኝ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነው። በጣም ጨዋ ነው። ግዛ ወይም አትግዛ ከማለቱ በፊት ጠየቀኝ። ባትሪውን ራሴ መቀየር እችል እንደሆነ፣ የባትሪው ቤት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት እንዳለ፣ ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት መቼ እንደተቀየረ፣ የድሮ ዳይቮቹ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መጥለቅ፣ መዝገብ ይከፈት እንደሆነ። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተኛ ዕቃ በየሳምንቱ ውሃ ከሚገባው ይልቅ እንደሚያሰጋው ጨመረ። መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። የመጨረሻው ዳይቭ ከአራት ዓመት በፊት ነበር።

2ኛው አጭር ነው። አዲስ ግዛና ተኛ የሚል መልእክት ነበረው።

3ኛውን የጻፈችው ቨርጂኒያ የምትኖር እህት ናት። ሌክ ሮውሊንግስ የሚባል ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ፣ አሁን ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትጠልቀው። የእሷ ኮምፒውተር 15 ዓመቱ ነው፤ የገዛችውም ያገለገለ ነው። እስካሁን አላሳፈራትም። ግን በየፀደዩ ከጓደኞቿ ኮምፒውተሮች ጎን አስራ ወደ ታች ታወርደዋለች፤ ቁጥሮቹ ከተጠጋጉ የዓመቱን ሥራ ትጀምራለች። አንድ ምክርም ሰጠች። ቀዝቃዛ ውሃ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ ቤት ውስጥ ሞልቶ የታየ ባትሪ ታች ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ሳያልቅ ትቀይረዋለች። ባትሪው የሚቀየረውም በጉዞ መሃል ሳይሆን ቤት ነው፤ ብዙ የቆዩ ሞዴሎች ባትሪ ሲወጣባቸው ሰውነትህ ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን ስሌት ይረሱታል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

4ኛው የብራንዱን ስም ጠየቀ። እዚህ አልጻፍኩትም፤ ወደፊትም አልጽፈውም። አንድ ዕቃ ላይ የገጠመኝን ይዤ የአንድን ኩባንያ ስም ማንሳት ትክክል አይመስለኝም።

5ኛው ያገለገለ ከሚገዛ ይቅር አለ፤ ምክንያቱም አላዲን የሚባሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ በስህተት ስሌት ምክንያት ከገበያ ተጠርተዋል ሲል ጻፈ። 6ኛው አረመው፤ እርማቱም ልክ ነው። የተጠራው አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ የተባለው ሞዴል ነው፤ እሱም በ1995 የተሠራው። ጥሪው የወጣው በ2003 ነው። ችግሩም እንዲህ ነበር። ናይትሮክስ ማለት ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ ድብልቅ ነው። ያ ኮምፒውተር ጠላቂው በሁለት ዳይቮች መካከል ጀልባ ላይ ተቀምጦም ናይትሮክስ እየተነፈሰ እንደሆነ አድርጎ ያሰላ ነበር። እውነቱ ግን ሰውየው ከውሃ ሲወጣ ተራ አየር ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ ሰውነቱ ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አሳንሶ ያይና ለሚቀጥለው ዳይቭ ያልተገባ ደቂቃ ይሰጣል። 6ኛው ሲጨርስ ያገለገለ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሞዴሉን ስምና የተሠራበትን ዓመት ይዞ ጥሪ እንደነበረበት ይፈልግ አለ። ፈለግኩ። እኔ ያየሁት ሞዴል ላይ አላገኘሁም።

7ኛው ላይ ንግግሩ ከረር አለ። ጸሐፊው ኮምፒውተር እንደ ስልክ ነው፣ በየአምስት ዓመቱ ይጣላል ባይ ነው። በ2009 ሒሳብ ዛሬ መጥለቅ ድንቁርና እንደሆነ ጻፈ። ቃሉ ከበደኝ። 8ኛው በእርጋታ መለሰለት። ሰውነት ናይትሮጅንን እንዴት እንደሚይዝ የመጀመሪያውን ስሌት ሳይንቲስቱ ሃልዴን በ1908 አውጥቷል፤ ፍየሎችን የግፊት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ነው የሞከረው። ከዚያ ዙሪክ ላይ ሐኪሙ ቡልማን ሰውነትን በ16 ክፍል መድቦ አሰላው። ዛሬ ውድ የሚባሉት እንደ ሺርወተር ያሉት ኮምፒውተሮችም የሚሠሩት በዚያው የቡልማን ስሌት ላይ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ስላረጀ አይደለም ዕቃ የሚጣለው። 8ኛው አሳምኖኛል። ግን እሱም አንድ ነገር አልነካም፤ ስሌቱ የሚሠራው ግፊት የሚለካው ሴንሰር በሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ የቡልማንም ስሌት አያድንም። ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

9ኛው መልስ ከጅቡቲ ነው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ መድረኩ ላይ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወቅት ሲደርስ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰው ይዘው ይወጣሉ። የተማሩት በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈቀድ በሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ፓዲ በሚባለው የመጥለቅ ማሠልጠኛ ድርጅት ሰንጠረዥ 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 30 ሜትር ላይ ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ እንደሚፈቀድ ከቃላቸው ጻፉ። ኮምፒውተር አይጠሉም። ግን ጥልቀቱንና ሰዓቱን ሳያይ ኮምፒውተሩን ብቻ የሚያምን ልጅ ያስፈራቸዋል። ኮምፒውተሩ 70 ደቂቃ ቀረህ ሲልህ ይህ ልክ አይመስልም የሚል እውቀት ጭንቅላትህ ውስጥ መኖር አለበት ነው ነገሩ። ይህን ምክር ወረቀት ላይ ጽፌ የመጥለቂያ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ጅቡቲ ሲነሳ ክሩ መንገድ ቀየረ። 10ኛው አዲስ አበባ ያለ ወንድም ነው። ጅቡቲ ጠልቆ በማግሥቱ ጠዋት ይበራል፤ በረራው አጭር ስለሆነ ችግር የለውም ብሎ ያስብ ነበር። 11ኛው አስደነገጠው፤ ደግ አደረገ። የተለመደው ምክር ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ከጠለቅክ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ይወርዳል፤ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ሌላ ቦታ ሲያርፉ ግፊቱ ይመለሳል። ቦሌ ግን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከአውሮፕላን ወርደህም ያው ተራራ ላይ ነህ። በባቡር ለሚሄድም እንደዚያው ነው፤ ድሬዳዋ ብቻ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። እኔም ስለ ራሴ አሰብኩ። ከኤላት ወደ ቤቴ በሚጽፔ ራሞን በኩል ስመለስ ከ800 ሜትር በላይ እወጣለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝቅ ባለው በዓረባ ሸለቆ በኩል መመለስ ጀምሬያለሁ።

12ኛው ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። የፉጀይራው ልጅ መለሰለት። ብዙ ኮምፒውተሮች የከፍታ ማስተካከያ አላቸው፤ የባሕር ወለል፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለው ይከፍሉታል። የቆየ ኮምፒውተር ሲገዛ ያ ማስተካከያ በእጅ የሚለወጥ ይሁን በራሱ የሚለወጥ ማየት ያስፈልጋል። የቀድሞው ባለቤት በሌላ ከፍታ አስተካክሎት ትቶት ሊሆን ይችላልና።

13ኛው ከርዕሱ ወጥቷል፤ ግን እንዲወጣ ስለፈለግኩ አላቋረጥኩም። ጸሐፊዋ ነታንያ የምትኖር እህት ናት። ሐበሻ መጥለቅ ከመቼ ወዲህ ጀመረ ብሎ አንድ ሰው በመሃል ተሳልቆ ነበርና መልስ ሰጠችው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ዓሩስ የሚባል የመጥለቂያ መዝናኛ መንደር ነበር። የሚያስተዳድሩት የሞሳድ፣ የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ ሰዎች ናቸው። ቀን ቀን ቱሪስት ያጠልቃሉ፣ ይቀልባሉ። ሌሊት ደግሞ በገዳሪፍ አካባቢ ከነበሩ መጠለያዎች ቤተ እስራኤልን በጭነት መኪና እያመጡ ወደ ባሕሩ ያደርሷቸው ነበር፤ ከዚያ የእስራኤል ባሕር ኃይል ሰዎች በጎማ ጀልባ ወደ መርከብ ይወስዷቸዋል። አባቷ በዚያ መንገድ ከወጡት ሕፃናት አንዱ ነው። ባሕር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ጨለማ ውስጥ የሰማውን የባሕር ድምፅ እስከ ዛሬ ያወራል። እሷ አሁን በዚያው ቀይ ባሕር ትጠልቃለች። አንብቤ ብዙ ቆየሁ። 9ኛው ጋሼ ከሥሯ አንድ ነገር ጨመሩ። በዚያ ዘመን ዓሩስ ላይ የጠለቀ ሰው በሰዓትና በሰንጠረዥ ነበር የሚጠልቀው፤ ኦርካ ኤጅ የተባለው ኮምፒውተር ገበያ የወጣው ገና በ1983 ነውና።

14ኛው ክሩን አደፈረሰው። ሐበሻ ለሐበሻ የማይሠራ ዕቃ መሸጥ ልማዱ ነው ብሎ ጀመረ። ሻጩን ሳያውቀው ሌባ አደረገው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ጠቅሶ 350 ሸቅሉ የቀብር ማስያዣ እንደሆነ ጻፈ። 15ኛው ደገፈው። ተረቱ እውነት ነው፤ ስድቡ ግን ያለ ቦታው ነበር። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አፈርኩ።

16ኛው ሻጩ ራሱ ነው። መድረኩን ሲያነብ እንደነበር አላወቅኩም ነበር። ተቆጥቷል። ከ140 ጊዜ በላይ በዚያ ኮምፒውተር ጠልቋል፤ አንድም ቀን አልታመመም። ልጆቹ ስላደጉና ወገቡን ስለታመመ ነው የተወው። ገንዘቡ አይደለም ያስቀየመው፤ ስሙ ነው። 17ኛው የመድረኩ ኃላፊ ነበር፤ 14ኛውን አስጠነቀቀው። 14ኛው በ18ኛው መልስ ይቅርታ ጠየቀ። ኤላት ላይ የአጎቱ ልጅ በመጥለቅ ጉዳት ደርሶበት ስለነበር በስሜት እንደጻፈ ገለጸ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና እኔም ሻጩም ተረዳነው።

19ኛው ለእኔ የክሩ ትልቁ መልስ ነው። ሻጩ ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩን ያለ አንዳች ክፍያ ውሰድና አንድ ወር አስቀምጠው፣ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገርህ አለኝ። ዕቃውን የሚያምን ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

20ኛው ላይ የቨርጂኒያዋ እህት የምትፈትሽበትን መንገድ በዝርዝር ጻፈች። ሦስት ኮምፒውተር በአንድ ገመድ ላይ በአንድ ቁመት ይታሰራል፤ ሁለት ብቻ ከሆነ የቱ እንደተሳሳተ አይታወቅም። ሲወርዱም ሲወጡም በየተወሰነው ሜትር ቆም ብሎ ቁጥሩ ይጻፋል። ትንሽ ልዩነት አያስደነግጥም። አንዱ ለጨው ውሃ ሌላው ለጣፋጭ (ጨው ለሌለው) ውሃ ተስተካክሎ ከሆነ 3 በመቶ ያህል ይለያያሉ፤ 20 ሜትር ላይ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ምክንያቱ ሌላ ነው። 21ኛው የፉጀይራው ልጅ ሲሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ። የሚፈተሸውን ኮምፒውተር ይዘህ ውረድ እንጂ በእሱ አትጥለቅ፤ የምትታዘዘው የኪራዩን ነው።

ከ22 እስከ 24 ያሉት ስለ ኢንሹራንስና ስለ ሕግ ናቸው። በእስራኤል ሕግ ከ6 ወር በላይ ያልጠለቀ ሰው ከአሰልጣኝ ጋር የማደሻ ዳይቭ ማድረግ እንዳለበት አንዷ አስታወሰች። ለሚመለከተው ይጠቅማል።

25ኛው የእኔ ነው። አርብ ጠዋት ኤላት ሄድኩ። የወረድነው ሳቲል ላይ ነው፤ በ1994 ሆን ተብሎ ለጠላቂዎች የሰጠመ የባሕር ኃይል የሚሳይል ጀልባ ነው። አሸዋው 24 ሜትር አካባቢ ነው። አሰልጣኜ የራሷን ኮምፒውተር ሰጠችን፤ የኪራዩንና የአሽዶዱን ጨምረን በአንድ ገመድ አሰርናቸው። 6 ሜትር ላይ ሦስቱም ተስማሙ። ደስ አለኝ። 12 ሜትር ላይ የአሽዶዱ በአንድ ሜትር አሳንሶ አነበበ። ጀልባው ወለል ላይ ስንደርስ የአሰልጣኜ 20.4፣ የኪራዩ 20.2 አለ። የአሽዶዱ 18.1 ላይ ነበር። እንጠብቀው ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፤ አልተንቀሳቀሰም።

ሁለት ሜትር ብዙ አይመስልም። ጋሼ የጻፉትን ሰንጠረዥ ሳወጣ ግን ገባኝ። 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ ይፈቀዳል። 20 ሜትር ላይ 45 ነው። ያ ኮምፒውተር 20 ሜትር ላይ ላለ ሰው ለ18 ሜትር የሚሆን ጊዜ እየሰጠ ነው። አስራ አንድ ደቂቃ ከየትም አምጥቶ ይመርቅልሃል። ደግሞ ስሕተቱ ወደ ሌላው ጎን ቢሆን፣ ማለትም አብዝቶ ቢያነብ፣ ዳይቭህን ያሳጥርብህ ነበር እንጂ አይጎዳህም። አሳንሶ ማንበቡ ነው ክፉው። ከዚህ ሁሉ በላይ የከነከነኝ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት አለመኖሩ ነው። አይንጫጫም፤ ስሕተት የሚል ጽሑፍ አያወጣም። ቤት ውስጥ ባትሪ አስገብቼ ሲነሳ አይቼ ይሠራል ያልኩት ይህን ዕቃ ነው።

26ኛው የጨውና የጣፋጭ ውሃ ማስተካከያውን እንዳይ ጠየቀ። ቀድመን አይተን ነበር፤ እሱ ሁለት ሜትር አያመጣም። 27ኛው ላይ 7ኛው ሰውዬ ተመልሶ ትክክል እንደነበር ጻፈ። አልነበረም። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ግፊት የሚለካው ሴንሰር ነው የተሳሳተው። የ15 ዓመቷ የቨርጂኒያ ኮምፒውተር በየዓመቱ ትፈተሻለች፣ ታልፋለች። ትናንት የተገዛ አዲስም ተፈትሾ ካልታየ የሚያነበውን ማመን እንጂ ማወቅ አይባልም። ይህን ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም።

28ኛው ላይ ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። የሴንሰሩ ቀዳዳ ላይ ጨው ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ሌሊቱን ለብ ያለ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ይደር አሉ። በመርፌ እንዳይነካ ግን አጥብቀው አስጠነቀቁ፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ሽፋን ስስ ነውና ይበሳል። ዕቃውን ለሻጩ መለስኩለት፤ እሱ ራሱ ሁለት ሌሊት ዘፈዘፈው። በ29ኛው መልስ ውጤቱን ነገረን። አሽዶድ ካለ ጠላቂ ጓደኛው ጋር ዳግመኛ ወርዶ አየው። ያው ነው። ጠጋኝ ጋር ሲደውል ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ እንደሌለ ነገሩት።

30ኛውም የሻጩ ነው። ማስታወቂያውን አንስቷል። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመት ዳይቮች ከመዝገቡ ላይ አንድ በአንድ አየ። ከመካከላቸው ዘጠኙን የጠለቀው ከታላቅ ልጁ ጋር ነው። ልጁ የራሱ ኮምፒውተር አልነበረውም፤ የሚከተለው የአባቱን ነበር። ስሕተቱ ያኔ ጀምሮ ይሁን በመሳቢያ ውስጥ የመጣ፣ ሰውየው ማወቅ አይችልም። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከሥሩ ብዙ ሰው አይዞህ አለው፤ 14ኛው የመጀመሪያው ነበር።

31ኛው ትናንት ማታ የመጣ ነው። ሻጩ በየትኛው ሱቅ አዲስ ልገዛ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ፤ ወገቡ ከተሻለው ለልጁም ለእሱም አንዳንድ ሊገዛ ነው። ሦስት አብረን ከጠየቅን ዋጋ ይቀንሱልን ይሆናል ብዬ መለስኩ። ከበዓሉ በኋላ ኤላት እንገናኛለን። ገመዱን እኔ እይዛለሁ።